የሚያማስል ሰው ፊት

«ዛሬም?» አለች ኤርሌ፣ የኢልቫን ምሳ ዕቃ በእርሳሷ ጫፍ ከፈት አድርጋ እያየች። «ዓርብ እኮ ደረሰ።»

ምሳ ዕቃው ውስጥ ያሉት ሳምንቱን ሙሉ የነበሩት ትንንሽ ቂጣዎች ናቸው። ቅዳሜ ከተበላው የሩዝ ገንፎ የተረፈው፣ እሑድ ጠዋት እንቁላልና ዱቄት ይገባበትና በቅቤ ይጠበሳል። በደሴቷ ላይ ይህን የማያደርግ ቤት የለም። ነገር ግን የሌላው ሰው ቂጣ ቢበዛ ቢበዛ ሰኞን አያልፍም። የእነ ኢልቫ ዓርብ ገብቷል።

«ስለምወደው ነው። ምን ይጠበስ?» አለች ኢልቫ።

«ምንም አይጠበስ። የተጠበሰው ይበቃል።» ኤርሌ አንዱን ቂጣ አንስታ አሸተተችና መልሳ አስቀመጠችው። «ይኼ እኮ የጫማ ሶል ሆኗል።»

ሁለቱም ሳቁ። የኢልቫ ሳቅ ግን አልቆየም። የቂጣው መብዛት ምን ማለት እንደሆነ ከእሷ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። ታላቅ ወንድሟ ቬትሌ ቤት ሳለ የሚተርፍ ገንፎ የሚባል ነገር አይታወቅም፤ ድስቱን በጣቱ እየጠረገ ይልስ ነበር። እሱ ባሕር ላይ ሥራ ይዞ ሲሄድ ለእሑድ የሚጠበስ ተገኘ። እህቷ ማረን ነርስ ለመሆን ቤርገን ከተማ ትምህርት ስትገባ ቂጣው ማክሰኞ ደረሰ። ከዚያ እናታቸው ሞተች። ድስቱ ያው ድስት ነው፣ ሩዙም ያው ልክ፣ ወተቱም ያው። የቀነሰው በላተኛው ብቻ ነው።

«ስሚ፣» አለች ኤርሌ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ነገ በስምንት ሰዓቷ መርከብ ነው ወደ ከተማ የምንሄደው። ሲኒማ፣ ከዚያ ፒዛ፣ አዳር አክስቴ ቤት። ልደቴ መሆኑን አልረሳሽም አይደል?»

«አልረሳሁም። ግን ነገ ቅዳሜ ነው።»

«ልደቴም ቅዳሜ ነው። ምን ላድርገው፣ ወደ ማክሰኞ ላዙረው?»

«ነገ እነ ቬትሌ ይመጣሉ። ገንፎ አብረን ነው የምንበላው።»

ኤርሌ እርሳሷን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። እናቷ ወደቡ ላይ ባለችው ትንሽ ሱቅ ውስጥ ትሠራለች፤ ከመርከቧ ማን እንደወረደ፣ ማን እንዳልወረደ ሳትፈልግም ታያለች።

«ባለፈው ቅዳሜም ይመጣሉ ብለሽኝ ነበር። ከዚያ በፊትም። አትፎግሪኝ፣ ኢልቫ። እኔ አባትሽ አይደለሁም።»

ደወል ተደወለ። ኢልቫ ምሳ ዕቃዋን ዘግታ ተነሣች። ኤርሌ ከኋላዋ፣ «ስምንት ሰዓት ላይ ናት። ወንበር እይዝልሻለሁ፤» አለቻት። ያለችው በቁጣ ቢሆን ይሻል ነበር።

በእነ ኢልቫ ቤት የቅዳሜን ገንፎ የምታማስለው እናታቸው ቶርዲስ ነበረች። በወተት ለሚሠራ የሩዝ ገንፎ ጀርባ አይሰጡትም። ለአፍታ ዘወር ካሉበት ከሥሩ ይይዛል፤ አንዴ ካረረ ደግሞ ሽታው ከላይ እስከ ታች ይገባዋል። ስለዚህ የሚያማስለው ሰው ጀርባውን ለቤቱ፣ ፊቱን ከምድጃው በላይ ላለው መስኮት ሰጥቶ አንድ ሰዓት ያህል ይቆማል። «ያልተገላበጠ ያርራል፤» ትል ነበር ቶርዲስ፣ ማማሰያውን ሳታቆም።

ማን እንደጀመረው አይታወቅም፤ ልጆቹ ፊት ለፊት የማይነገረውን ሁሉ ቅዳሜ ቅዳሜ ለእናታቸው ጀርባ መንገር ለመዱ። ጀርባ አይቆጣም። ጀርባ ቅንድብ የለውም። ቬትሌ የጎረቤት ጀልባ ሰርቆ ነድቶ ከድንጋይ ጋር ማላተሙን የተናዘዘው ለዚያ ጀርባ ነው። ማረን ከሒሳብ መውደቋን የተናገረችው ለዚያ ጀርባ ነው። ኢልቫም በዘጠኝ ዓመቷ፣ በትምህርት ቤት ጉዞ ላይ ሱሪዋ ላይ ሸንታ «ኤርሌ ጭማቂ ደፋችብኝ» ብላ ለአስተማሪዋ መዋሸቷን ያወጣችው እዚያው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጣ ነው። ቶርዲስ «እህ» ትላለች። ታማስላለች። «ከዚያስ?» ትላለች። ገንፎው ሲደርስ የልጁም ጉድ አብሮ አልቆ ይገኛል። ዞር ስትል ፊቷ የወትሮው ፊቷ ነው፤ በየሳህኑ መሐል «የቅቤ ዓይን» የሚሉትን ቁራጭ ቅቤ ታስቀምጣለች፣ ቀረፋና ስኳር ይነሰነስበታል፣ የተነገረውን ነገር ዳግም የሚያነሳው የለም።

አንድ ቅዳሜ ግን የተናገረችው ራሷ ነበረች። ማረንም ከቤርገን፣ ቬትሌም ከባሕር መጥተው ሦስቱም ልጆች ጠረጴዛው ዙሪያ ነበሩ። ማማሰያው አልቆመም። «ልጆች፣ ታምሜያለሁ። ሐኪሞቹ የሚድን አይደለም ይላሉ፤» አለች ለመስኮቱ። «ከዚያስ?» ያላት ማንም አልነበረም።

ከቀብሯ ቀጥሎ በመጣው ቅዳሜ አባታቸው ኦድቫር ሽርጧን አጥልቆ ማማሰያውን አነሳ። ኦድቫር ከሰው ይልቅ ከሞተር ጋር መነጋገር የሚቀለው ሰው ነው፤ የጀልባ ሞተር ሲጠግን ይውላል፣ ቤት ሲገባ ዝም ይላል። «አባዬ ገንፎ ይችላል እንዴ?» ብሎ ቬትሌ ሲያንሾካሹክ ማረን በክርኗ ጎሸመችው። እንደ እናታቸው አልሆነም፤ ግን ገንፎ ነበር፣ በሉትም። የመጀመሪያዎቹን ወራት ሁለቱም ሳይቀሩ መጡ። ከዚያ የቬትሌ ፈረቃ ተቀየረ። ከዚያ ማረን ፈተና ደረሰባት። ከዚያ ምክንያቱም እየቀረ፣ ስልክ ላይ አንዲት አጭር መልእክት ብቻ ሆነ። ቀስ በቀስ የውሃ ሽታ ሆኑ።

ኢልቫ መዋሸት የጀመረችው ያኔ ነው። አንድ ዓርብ ማታ አባቷ የወተት ካርቶን በሁለት እጁ እንደያዘ በሩ ላይ ቆሞ «ነገ ይመጣሉ?» አላት። እንደማይመጡ የሚናገረውን መልእክት አንብባ ስልኩን ገና ማስቀመጧ ነበር። የአባቷን እጆች አየች፤ የታቀፈውን ወተት አየች። «ይመጣሉ መሰለኝ፤» አለች። ቅዳሜ ደግሞ፣ «ቬትሌን ድንገት ሥራ ጠርተውት ነው» አለች። የመጀመሪያው ውሸት የሁለተኛውን እጅ ይዞ መጣ፤ ሁለተኛው የሦስተኛውን። አሁን ስንተኛው እንደሆነ ራሷም አታውቅም።

ኤርሌ ለልደቷ በጠራቻት ዕለት፣ ዓርብ ማታ፣ ኢልቫ ለማረን ደወለች።

«ነገ ነይ፤» አለቻት ገና ሰላም ሳትላት።

«ኢልቫዬ፣ ሰኞ ፈተና አለብኝ ብዬሽ የለ?»

«ባለፈው ሰኞም ፈተና ነበረብሽ። ምንድን ነው፣ ዓመቱን ሙሉ ሰኞ ሰኞ ብቻ ነው የሚፈትኗችሁ?»

ማረን ልትስቅ ሞክራ ተወችው። ከስልኩ ወዲያ አንድ በር ሲዘጋ ተሰማ፤ ብቻዋን ወደምትሆንበት ክፍል መግባቷ ነበር።

«እሺ። ፈተና የለም፤» አለች። «አልችልም በቃ። በሩን ከፍቼ ስገባ ጀርባውን ሰጥቶ ምድጃው ጋ ቆሞ አየዋለሁ። የእማዬን ሽርጥ አድርጎ። ለአንድ አፍታ እሷ ትመስለኛለች። ለአንድ አፍታ ብቻ። ከዚያ ዞር ይላል። ቅዳሜ በመጣ ቁጥር እንደገና ትሞትብኛለች፣ ገባሽ? ቬትሌም እንደዚያው ነው። አይናገርም እንጂ።»

«እኔስ?» አለች ኢልቫ። «እኔ ዓይን የለኝም? እኔ ያንኑ ጀርባ በየሳምንቱ አይደል የማየው?»

ማረን ግን፣ «ለአባዬ እውነቱን ንገሪው፤» አለች።

«አንቺ ንገሪው።» ኢልቫ ስልኩን ዘጋችው።

አባቷ ከጀልባ መጠገኛው መምጣቱ ነበር፤ ጃኬቱ የሞተር ዘይትና የጨው ውሃ ይሸታል። ጫማውን በሩ ሥር እየፈታ፣ «ማረን ነበረች?» አላት።

«አዎ።»

«ደህና ናት?»

«ደህና ናት።»

«ነገስ? ይመጣሉ?»

ከወትሮው ትንሽ ረዘም አድርጎ አያት። ኢልቫ በእህቷ ተናዳ ነበር፤ የምትጮኽበት ሰው ግን አጠገቧ አልነበረም። ንዴቷ ሌላ መውጫ አጣና ውሸት ሆኖ ወጣ። «ይመጣሉ። ሁለቱም። በስምንት ሰዓቷ መርከብ፤» አለች። በዚህኛው ላይ «መሰለኝ» እንኳ አልጨመረችበትም።

ኦድቫር ራሱን ነቀነቀ። «እንግዲያው ወተቱ አይበቃም፤» አለና የፈታውን ጫማ መልሶ አሰረ። ኢልቫ በመስኮቱ፣ በዝናቡ ውስጥ ወደ ሱቁ ሲወርድ አየችው። ልትጠራው አስባ ተወችው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። ያን ሌሊት ኢልቫ ንጋቱ ባይመጣ ትወድ ነበር።

ንጋቱ ግን መጣ። ኦድቫር ትልቁን ድስት ከሚስማሩ አወረደ። ሽርጡ ለእሱ ስለሚጠብ ማሰሪያው ከኋላው በጭንቅ ነው የሚገናኘው። ኢልቫ አራት ሳህን ደረደረች፤ አራት ማንኪያ፣ አራት ብርጭቆ፣ መሐል ላይ ቀዩ የፍሬ ጭማቂ። ቅቤውን ቆርሳ አቀረበች። ከዚያ በቦታዋ ተቀመጠች። ከአባቷ ትከሻ በላይ፣ በመስኮቱ በኩል ባሕሩና ወደቡ ይታያሉ።

የስምንት ሰዓቷ መርከብ ከደሴቷ ጥግ ብቅ አለች። ወደቡ ላይ ሦስት ልጆች ቦርሳቸውን ይዘው ቆመዋል፤ አንዷ ቢጫ የዝናብ ልብስ ለብሳለች። ኤርሌ ናት። ቢጫው ልብስ ወደ እነሱ ቤት ዞሮ ቆየ። ኢልቫ አሁኑኑ ብትነሣ ትደርሳለች፤ ቁልቁለት ነው፣ ሩጫ ታውቅበታለች። እጇ የወንበሩን ጠርዝ እንደያዘ ቀረ።

መርከቧ መኪና የሚወጣበትን ሰፊ አፏን ከፈተች። አንድ የዳቦ መኪና ወጣ፣ ሁለት የቤት መኪናዎች፣ ብስክሌት የሚገፉ አንድ ሽማግሌ። ከዚያ በኋላ ማንም አልወጣም።

«ወፈረ፤» አለ ኦድቫር፣ ወተት ጨመር አድርጎ።

የሚሳፈሩት ገቡ። ቢጫው ልብስ መጨረሻ ላይ ገባ። መርከቧ ጡሩምባዋን ነፍታ ከወደቡ ተላቀቀች፤ ኢልቫ በትከሻው ላይ እያየች ሸኘቻት። ኤርሌ አጠገብ ያለው ወንበር ባዶውን ወደ ከተማ እየሄደ ነው፤ እዚህም ሁለት ወንበር ባዶውን ተቀምጧል።

ኦድቫር ማማሰያውን አላቆመም። «ምናልባት በአስር ሰዓቷ ይሆናል፤» አለ። እንደገና ወተት ጨመረ።

ኢልቫ ከዚህ በላይ አልቻለችም።

«አባዬ፣» አለች ለጀርባው። «አይመጡም። እንመጣለንም አላሉም። ካሉ ቆይተዋል። እኔ ነኝ የምዋሽህ።»

የሽርጡ ማሰሪያ በትንፋሹ ወደ ላይ ወጣ፣ ወደ ታች ወረደ። «እህ፣» አለ ኦድቫር። ከቶርዲስ በቀር ያንን «እህ» ማንም ብሎት አያውቅም ነበር። «አውቃለሁ።»

«ምኑን?»

«ሁሉንም። ከገና በፊት ጀምሮ። ለቬትሌ ሐሙስ ደውዬለት ነበር፤ ባሕር ላይ ነው፣ ወር ይቆያል።»

«ታዲያ ትናንት ይመጣሉ ስልህ ለምን ዝም አልከኝ? በዝናብ ወተት ልትገዛ ሄድክ እኮ።»

«ቅዳሜ ቅዳሜ አራት ሳህን ስትደረድሪ አይሻለሁ። አራት ሳህን የደረደረች ልጅ እንዴት አድርጌ ቅስሟን ልስበር? ለአንቺ ብዬ ነው የማማስለው።»

«እኔ አራት ሳህን የምደረድረው አንተ ትልቁን ድስት ስለምታወርድ ነው፤» አለች ኢልቫ። ድምጿ ተሰበረ። «ለአንተ ብዬ።»

ማማሰያው ቆመ። ሁለቱም የቆመበትን ቅጽበት ሰሙት። በዚያ ቤት፣ በዚያ ድስት፣ በቅዳሜ ቀን ማማሰያ ቆሞ አያውቅም ነበር። ኦድቫር ወደ መስኮቱ እንዳየ ቀረ፤ ትልልቅ ትከሻዎቹ ይንቀጠቀጡ ጀመር። ከዚያ ሽታው መጣ፤ መጀመሪያ እንደ ካራሜላ ጣፈጥ ያለ፣ ቀጥሎ የመረረ።

«አረረ፤» አለ ኦድቫር። እንደ ሕፃን ነው ያለው። «አሳረርኩት።»

ኢልቫ ተነሥታ ማማሰያውን ከእጁ ወሰደች። እሳቱን ዝቅ አደረገች። «ተቀመጥ፣ አባዬ፤» አለችው። እሷ ትቀመጥበት በነበረው ወንበር ላይ ተቀመጠ። ኢልቫ ሥሩን ሳትነካ ከላይ ከላይ ማማሰል ጀመረች። በዚያ ምድጃ ፊት፣ በዚያ ቦታ፣ በቅዳሜ ቀን ቆማ አታውቅም። ከመስኮቱ ሥር ወደ ወደቡ የሚወርደው የእግር መንገድ ይታያል፤ ከመንገዱ ዳር ለክረምት የተፈለጠው የእንጨት ክምር አለ፤ ከዚያ ወዲያ ባሕሩ ነው።

ከኋላዋ ኦድቫር ሲናፈጥ ተሰማ።

«እንጨቱ ይታይሻል?» አለ ኦድቫር በመጨረሻ።

«ይታየኛል።»

«እዚያ ነበር የምቆመው። እናትሽ ሳለች። ቅዳሜ ከመጠገኛው ስመጣ በዚያ መንገድ ነበር የምወጣው። እናንተ ጀርባዋን ነበር የምታዩት። እኔ ፊቷን አየው ነበር።»

ኢልቫ አልዞረችም። መዞር እንደሌለባት ታውቃለች።

«ያኔ፣ ጭማቂ ተደፋብኝ ያልሽ ጊዜ፣» አለ፣ «ፎጣ ነክሳ ነበር የምትስቀው። እንባዋ እስኪወርድ። ምን እንዳሳቃት ማታ ነው የነገረችኝ። ‹ከዚያስ?› ያለችሽ ፎጣውን ከአፏ አውጥታ ነው። ማረን ቤርገን መግባቷን የነገረቻት ዕለት ደግሞ፣ ‹ጎበዝ› አለቻት፣ አይደል?»

«‹ጎበዝ፣ የኔ ልጅ› ነው ያለቻት።»

«ድምጿ ደህና ነበር?»

«ደህና ነበር።»

«እንባዋ ከአገጯ ላይ ድስቱ ውስጥ ይንጠባጠብ ነበር። ቬትሌ ያን ዕለት ገንፎው ጨው በዛበት ብሎ ሲነጫነጭ ትዝ ይልሻል?» ኦድቫር ሳቀ፤ ሳቁ ግን መሐል መንገድ ላይ ሌላ ነገር ሆነ። «እኔ እንጨቱ ጋ እቆማለሁ። ፊቷን እስክትጠርግ። ጠርጋ ስትጨርስ እገባለሁ። ስንት ቅዳሜ በብርድ እንዳቆመችኝ።»

ኢልቫ ማማሰያውን አጥብቃ ያዘች። የምትጠይቀው ነገር አፏ ላይ ደርሶ ተመለሰ፤ እንደገና ደረሰ። «የነገረችን ዕለትስ?» አለች። «መታመሟን?»

ወንበሩ ተንቋቋ።

«ያን ዕለትም እዚያው ነበርኩ። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁ። ትለማመድ ነበር፣ ከመናገሯ በፊት። ልገባ ስል አየችኝ። በራሷ ምልክት ሰጠችኝ፤ አትግባ። ስለዚህ ቆምኩ። ተናገረች። ተናግራ ስትጨርስ በመስኮቱ እኔን አየችኝና ፈገግ አለች። ከባድ ዕቃ ከራሱ ላይ እንዳወረደ ሰው። ከዚያ ፊቷን ጠርጋ ወደ እናንተ ዞረች።»

የኢልቫ እንባ አገጯ ላይ ደርሶ ነበር። አልጠረገችውም። ከውጭ የሚያያት ሰው የለም፤ እንጨቱ ጋ ማንም አልቆመም። «እህ፣» አለች፣ ድምጿ ደህና እንዲመስል እየታገለች። «ከዚያስ?»

«ከዚያማ ናፈቀችኝ፤» አለ አባቷ። «በጣም ነው የናፈቀችኝ፣ ልጄ። ለማን እንደምናገር ጠፍቶኝ ነው ሁለት ዓመት ሙሉ ዝም ያልኩት። ደግሞ ገንፎ አልወድም። ድሮም አልወድም ነበር። ለእሷም አልነገርኳት።»

ኢልቫ ሳቀች፤ እያለቀሰች ሳቀች፣ በሳቋ መሐል እጅጌዋን ነከሰች። ከዚያ ፊቷን ጠርጋ ዞረች።

ሁለቱን ሳህን ወደ ቁምሣጥኑ መለሰች። በቀሩት ሁለት ሳህኖች ላይ ገንፎውን በትኩሱ አወጣችና የቅቤ ዓይን አደረገችበት። ማረሩ ከላይ እስከ ታች ገብቶታል፤ ቀረፋው አልሸፈነውም። ሁለቱም ስለ ጣዕሙ ምንም ሳይሉ በሉ። ኦድቫር ሳህኑን ጠርጎ ጨረሰ።

«ዛሬ የኤርሌ ልደት ነው አይደል?» አለ ማንኪያውን እያስቀመጠ። «እናቷ ነግራኛለች። የአስር ሰዓቷ መርከብ አለችልሽ።»

«አንተስ?»

«እኔ ድስት አለብኝ።» የድስቱን ጥቁር ሥር አሳያት። «ይኼ እስከ ማክሰኞ የሚያስፈገፍግ ነው።»

ኢልቫ ቦርሳዋን አዘጋጅታ ጃኬቷን ለበሰች። በሩ ላይ ደርሳ ቆም አለች። «ቅዳሜ የማማስለው እኔ ነኝ፤» አለች። «አንተ ተቀምጠህ ታወራለህ።»

«ምን አወራለሁ?»

«ያለፈውን ሳምንት። ካልመጣልህ ስለ ሞተር አውራ።»

ዝናቡ አባርቶ ነበር። ኢልቫ በእግር መንገዱ ወርዳ ወርዳ እንጨቱ ጋ ስትደርስ እግሯ ቆመ። ዞራ ወደ ላይ፣ ወደ መስኮቱ አየች።

ኦድቫር ድስቱን ምድጃው ላይ አድርጎ ይፈገፍጋል። ፊቱ ሙሉ በሙሉ ወደ ውጭ ነው። በሕይወቷ እንደዚያ ያለ የአባቷን ፊት አይታ አታውቅም፤ የተከፈተ ነበር፣ እርጥብ ነበር፣ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። ከማን ጋር እንደሚነጋገር መጠየቅ አያስፈልግም። ወደ ታች ቢያይ ያያታል። አላየም።

የአስር ሰዓቷ መርከብ ከደሴቷ ጥግ ብቅ ብላ ጡሩምባዋን ነፋች። ኢልቫ አልተንቀሳቀሰችም። አባቷ የሚለውን ብሎ እስኪጨርስ፣ በሽርጡ ጫፍ ፊቱን እስኪጠርግና ከመስኮቱ ዞር እስኪል ድረስ እንጨቱ ጋ ቆመች።

ከዚያ ስልኳን አውጥታ ለማረንና ለቬትሌ በአንድነት ጻፈች። መጀመሪያ «እባካችሁ ኑ» ብላ ጀመረች፤ አነበበችው፤ ደመሰሰችው። ዳግመኛ ስትጽፍ ብዙ አላሰበችም።

«ከአሁን በኋላ ቅዳሜ የማማስለው እኔ ነኝ። አንድ ቀን ከመጣችሁ በቀጥታ በበሩ አትግቡ። መጀመሪያ የእንጨቱ ክምር ጋ ቁሙና በመስኮቱ እዩኝ።»

ላከችው። መልስ ሳትጠብቅ ስልኩን ኪሷ ከተተችና ወደ መርከቧ ወረደች።